ባዶ እጅ ስንት ያወጣል?

መነኩሴ ሲባል መቱም፣ ጎሬም፣ በደሌም ያለ ሰው ዓይን ላይ ቶሎ የሚመጣው አንድ ዓይነት ሰው ነው። ቆብ የደፋ፣ መቋሚያ የያዘ፣ ጾም ያከሳው፣ በእግሩ ብዙ የሄደ አባት። በሌላው ዓለም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወጣቶች ግን «መነኩሴ» ሲባል የሚያዩት ሌላ ፍጡር ነው። በአንድ ትንፋሽ ሦስት ጊዜ የሚማታ፣ ግድግዳ ላይ የሚሮጥ፣ የተወረወረበትን ፍላጻ በእጁ ቀልቦ መልሶ የሚወረውር። ይጹም አይጹም ማንም አይጠይቀውም።

ይህ ሁለተኛው መነኩሴ የሚኖረው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በሚባል የጠረጴዛ ጨዋታ ውስጥ ነው። ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ፦ አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ አጫዋች ሆኖ ታሪኩን ይነግራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ታሪኩ ውስጥ ይገባሉ። «በሩን እሰብረዋለሁ» ያለ ተጫዋች ይሰብር አይሰብር የሚወስነው ዳይስ ነው። እንደ ሉዶው ባለ 6 ገጽ ብቻ ሳይሆን ባለ 20 ገጽ ዳይስም አለ። አንድ ጨዋታ ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ መጫወት ለለመደ ለኢሉባቦር ሰው ይህ ረጅም አይደለም። ነገሩ የተረትና የዕጣ ድብልቅ ነው። ከተረት የሚለየው ወፍራም የሕግ መጽሐፍ ስላለው ነው፤ ሕግ ባለበት ደግሞ ክርክር አይጠፋም።

ከክርክሮቹ አንዱ ሃያ ዓመት አልፎትም አልበረደም። በባዶ እጁ ለመዋጋት የሠለጠነው መነኩሴ በሁለት እጁ ሁለት መሣሪያ ቢይዝ፣ የቡጢውንም የመሣሪያውንም ጥቅም አንድ ላይ መውሰድ ይችላል ወይስ አይችልም?

የወቅታዊ ጉዳይ አንባቢ «ይህ ደግሞ ምን አገባኝ» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ከክርክሩ ሥር ያለው ጥያቄ ሌላ ነው። መሣሪያውን ያስቀመጠ ሰው በምትኩ ምን ይሰጠዋል? ምንም የማይሰጠው ከሆነስ ማን ሞኝ ነው የሚያስቀምጠው? የጨዋታው ሕግ አርቃቂዎች ይህን ጥያቄ ለ50 ዓመት በቁጥር ሲመልሱት ኖረዋል። ቁጥር ደግሞ አይለማመጥም፤ ያልተመለሰ ነገር ካለ ወዲያው ያሳብቃል።

ጨዋታው አሜሪካ ውስጥ በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ተዘጋጅቶ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። መነኩሴው በሚቀጥለው ዓመት «ብላክሙር» በተባለ ተጨማሪ መጽሐፍ ገባ። ዘመኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። የሻኦሊን መነኩሴ በአሜሪካ ምዕራብ ሲንከራተት የሚያሳየው «ኩንግ ፉ» የተባለ የቴሌቪዥን ድራማ ከ1972 ጀምሮ ይታይ ነበር። ብሩስ ሊ በ1973 ሞቶ፣ ዝናው ከሞቱ በኋላ ገና እየነደደ ነበር። የጨዋታው ሰዎች የአውሮፓን ባላባት፣ አስማተኛና ቄስ ደርድረው ሲያበቁ መሀላቸው አንድ የቻይና ፊልም ጀግና አቆሙ ማለት ይቻላል። ስሙን ግን ከገዳም ተዋሱለት።

ይህ ሰውዬ ለኢትዮጵያ የክፍለ ሀገር ከተማ ልጅም እንግዳ አይደለም። ቪዲዮ ቤት ገብቶ፣ አግዳሚ ላይ ተጣቦ፣ ያልተተረጎመ የሻኦሊን ፊልም ያየው ትውልድ አሁን በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ይገኛል። ከፊልሙ ወጥቶ መንገድ ላይ አየር ሲራገጥ የሚሄደው ልጅ ግን ያንን ራሱን የተላጨ ሰውዬ መነኩሴ ብሎት አያውቅም። «ማስተር» ነው የሚለው። ይህ የስም ልዩነት ኋላ ላይ ይፈለጋል።

እውነተኛው የሻኦሊን ታሪክ ራሱ ከፊልሙ ይለያል። ገዳሙ በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በሄናን የተመሠረተ ነው። መነኮሳቱ በ621 ኋላ የታንግ ንጉሠ ነገሥት ለሆነው ልዑል ወግነው መዋጋታቸው እዚያው በድንጋይ ተቀርጾ ይገኛል። በ16ኛው መቶ ዓመት በባሕር ዳርቻ ከሚዘርፉ ወንበዴዎች ጋር ሲዋጉ ዝናቸው የነበረው ግን በቡጢ ሳይሆን በዱላ ነው። የባዶ እጁ ጥበብ ስም ያወጣው ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ ቡጢኛው መነኩሴ በራሱ አገርም ቢሆን ዱላ ይዞ ነው ታሪክ ውስጥ የገባው። ዱላው ቆይቶ ይመለሳል።

በ1978 የወጣው የጨዋታው መጽሐፍ ለመነኩሴው አንድ የሚያስቅ ሕግ ነበረው። 8ኛው ደረጃ ላይ መቀመጥ የሚችሉት ሦስት መነኮሳት ብቻ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ባለው በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ብቻ። ወደ ላይ መውጣት የፈለገ ወንበሩን የያዘውን ሰው ፈልጎ፣ ያለመሣሪያ ገጥሞ፣ አሸንፎ መቀመጥ አለበት። ይህን ሕግ ለአንድ የዋልድባ ወይም የደብረ ሊባኖስ አባት የሚያስረዳ ሰው መኖር ነበረበት። በኢትዮጵያ የገዳም ወግ የሚነገረው ተቃራኒው ነውና፤ ሹመት መጣ ሲባል በሌሊት ተነሥቶ የሚጠፋው መነኩሴ ነው የሚመሰገነው። የአሜሪካኑ መጽሐፍ ምንኩስናን ከሥልጣን ውድድር ጋር ያምታታው ገና ከጠዋቱ ነው።

ወደ ክርክሩ እንመለስ። የጦፈው ሦስተኛው እትም ከወጣ በኋላ፣ በተለይም በ2003 ከተሻሻለ ወዲህ ነው። በዚያ እትም ማንኛውም ተዋጊ ሁለት መሣሪያ ይዞ ተጨማሪ ምት ማግኘት ይችላል፤ ግን ዋጋ ይከፍላል። ሥልጠናው ካለውና የግራው መሣሪያ ቀላል ከሆነ፣ ሁሉም ምቱ ላይ ከዳይሱ ውጤት 2 ይቀነስበታል። ሥልጠናው ከሌለው ከቀኙ 4፣ ከግራው 8 ይቀነሳል፤ ማለትም ባይሞክረው ይሻለዋል። መነኩሴው ደግሞ የራሱ የሆነ «የቡጢ ዶፍ» አለው። ይህም መጀመሪያ ላይ 2 እያስቀነሰ አንድ ተጨማሪ ምት ይሰጠዋል።

ሁለቱ ይደረባሉ? መጽሐፉ ውስጥ ጠቡን የፈጠረች አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ሐሳቧ፣ በባዶ እጁ ለሚመታ መነኩሴ ግራ እጅ የሚባል ነገር የለም የሚል ነው። አንደኛው ወገን እንዲህ ፈታት፦ ግራ እጅ ከሌለው የሁለት መሣሪያ ሕግ ቡጢው ላይ ሊሠራ አይችልም፤ ስለዚህ ተጨማሪ ምት የለም። ሌላው ወገን፦ አይደለም፣ ነገሩ የግራ ቡጢውም እንደ ቀኙ ሙሉ ጉልበት አለው ለማለት ነው፤ ተጨማሪ ምት ማን ከለከለ? አለ። ጉባኤ ቤት የአንድምታ ትርጓሜ ሲወርድ ሰምቶ ያደገ ሰው ይህን ክርክር ቢሰማ ቤቱ ያለ ይመስለዋል። ልዩነቱ፣ የአንድምታ መምህር «አንድም» ብሎ ሁለቱንም ይዞ ያልፋል፤ እነዚህ ግን አንዱ አንዱን ጠረጴዛ እስከማስጣል ደርሰዋል።

የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ የተነሣበት ጥቅም ምን ያህል መሆኑን ወረቀት አውጥቶ ያሰላ ሰው ብዙም አለመሆኑ ነው። ስሌቱ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ጀማሪ መነኩሴ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወረውራል እንበል፤ ለጉልበቱ 2 ይደመርለታል። ባላጋራውን ለማግኘት ድምሩ 15 መድረስ አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ ቢመታ የማግኘት ዕድሉ 40 በመቶ ነው። የቡጢ ዶፉን ቢጠቀም ሁለት ምት ያገኛል፤ 2 ስለሚቀነስበት የእያንዳንዱ ዕድል 30 በመቶ ይሆናል። ሲደመር በአማካይ 0.6 ምት ነው። አሁን ሁለት መሣሪያውን ይደርብበት፤ ሦስት ምት፣ ከእያንዳንዱ 4 የሚቀነስ፣ የእያንዳንዱ ዕድል 20 በመቶ። ሲደመር፦ 0.6።

ያው ነው። ሰዎች የተኳረፉበት ሁለተኛ መሣሪያ የጨመረው ነገር ዜሮ ነው።

ባላጋራው ሲለወጥ ግን ስሌቱ ይለወጣል፤ ትምህርቱ ያለውም እዚህ ላይ ነው። 12 ብቻ የሚበቃበት ደካማ ባላጋራ ሲሆን፣ ሁለት ምቱ 0.9 ሲያመጣ ሦስት ምቱ 1.05 ያመጣል። 17 የሚጠይቅ ጠንካራ ባላጋራ ሲሆን፣ ሁለት ምቱ 0.4፣ ሦስት ምቱ 0.3። አንዲቷ፣ ምንም ያልተደረበባት ምት ራሷ ብቻዋን 0.3 ነች። እንግዲህ በሁለት እጅ መሣሪያ መደራረብ ደካማውን ለመደብደብ ይጠቅማል፤ ከጠንካራው ጋር ሲገናኙ ግን ምንም እንዳልያዙ ይቆጠራል፣ ይባስ ብሎም ያሳንሳል። ይህን ያለ ፖለቲከኛ ሳይሆን ዳይስ ነው።

በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ክርክሩን በሌላ መንገድ ሊዘጋው ሞከረ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች በአንድ ተራ አንድ ዋና እርምጃና ቢበዛ አንድ ተጨማሪ እርምጃ ሰጠው። የሁለተኛው መሣሪያ ምት ተጨማሪ እርምጃውን ይበላል፤ የመነኩሴው ተጨማሪ ቡጢም ያንኑ ይበላል። ስለዚህ መምረጥ ግድ ሆነ። ቡጢ ደግሞ በእጅ የተያዘ ቀላል መሣሪያ ስላልሆነ በሁለት መሣሪያ ሕግ ውስጥ አይገባም ተባለ። ይህ ጥሩ አረቃቀቅ ነው። ዓረፍተ ነገር በመሰንጠቅ ሳይሆን አንድ ኪስ ብቻ በመስጠት ነው ጠቡን ያበረደው፤ ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚገባው።

ከዚያ በላይ ደግሞ ባዶው እጅ እንዲከፈለው አደረገ። ቁጥሩ ይኸው። ቅልጥፍናው 3 የሚያስደምርለት ጀማሪ መነኩሴ ሁለት አጫጭር ሰይፍ ይዞ ሁለቱም ቢያገኙለት፣ የመጀመሪያው በአማካይ 6.5 ጉዳት ያደርሳል፤ ሁለተኛው ግን ቅልጥፍናው ስለማይደመርለት 3.5 ብቻ። ድምር 10። አንዱን ሰይፍ አስቀምጦ በሰይፍና በቡጢ ቢዋጋ፣ ለቡጢው ቅልጥፍናው ስለሚደመርለት 6.5 እና 5.5፣ ድምር 12። ሁለቱንም ሰይፍ ጥሎ አንድ ተራ ዱላ በሁለት እጁ ይዞ፣ ዱላውን አሳርፎ በእግሩ ቢራገጥ ደግሞ 7.5 እና 5.5፣ ድምር 13። በሕጉ የባዶ እጅ ምት ማለት ቡጢ ብቻ አይደለም፤ እርግጫም፣ ክርንም፣ ቴስታም ነው።

ውጤቱን ልብ ይሏል። በጀማሪነት ደረጃ ለመነኩሴው ከሁለት ሰይፍ አንድ ሰይፍና ቡጢ ይሻላል፤ ከእሱም ዱላ ይሻላል። የሻኦሊን ታሪክ በዱላ የጀመረ መሆኑን አርቃቂዎቹ አስበውበት ይሁን በአጋጣሚ፣ ቁጥሩ እዚያው አደረሳቸው። ከሶር ወንዝ ማዶ ወደ መቱ ገበያ ዱላ ትከሻው ላይ አጋድሞ የሚመጣ ገበሬም ቢሆን ይህን ለማወቅ ስሌት የሚያስፈልገው አይመስልም።

በ2024 የወጣው አዲሱ መጽሐፍ ባዶውን እጅ ይበልጥ ከፍ አድርጎታል። ቡጢው ከመጀመሪያው ባለ 6 ገጽ ዳይስ ሆኗል፤ ተጨማሪውን ቡጢ ለማግኘት በዋናው እርምጃ ቀድሞ መምታትም ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። በሌላ በኩል ግን በልዩ ሥልጠና የሁለተኛውን መሣሪያ ምት ወደ ዋናው እርምጃ የሚያስገባ ቀዳዳ ከፍቷል። ቀዳዳውን ያገኘ ተጫዋች መነኩሴውን በሁለት እጁ ጩቤ አስይዞ ቡጢውንም ይወስዳል። ይህ ስህተት ነው። ሒሳቡ ስለተበላሸ አይደለም፤ ሒሳቡ ብዙም አይጎዳም። ስህተቱ፣ መሣሪያ ያልያዘ ሰው ሊያገኝ የሚገባውን ነገር መሣሪያ ለያዘው በነጻ መስጠቱ ነው። ያኔ የተወው ሰው ተታለለ ማለት ነው።

እስካሁን የተነገረው ስለ ሐሰተኛው መነኩሴ ነው። እውነተኛውስ?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አንድ ሰው ሲመነኩስ የሙታን ጸሎት ይጸለይለታል። ለዓለም ሞቷል ማለት ነው። ለሞተ ሰው የጉዳት ነጥብ አይቆጠርም፤ ጥሩርና ጋሻም አያስፈልገውም። የእጁ መስቀልና መቋሚያው ስንት ያደርሳሉ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የጨዋታው መነኩሴ መሣሪያውን ጥሎ በምትኩ ፈጣን ቡጢ ተቀበለ፤ ይህኛው ግን ጥሎ ምንም አልተቀበለም። ታዲያ የዚህ ሰው ባዶ እጅ ስንት ያወጣል?

ለዚህ ጥያቄ ከመቱ ብዙም ሳይርቁ መልስ አለ። ጎሬ ዛሬ ጸጥ ያለች የተራራ ከተማ ትሁን እንጂ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን ስትያዝ ደግሞ የቀረው የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ሆና፣ ልዑል ራስ እምሩ እዚያ ሆነው ነበር የሚመሩት። የምዕራብ ኢትዮጵያው ጳጳስ አቡነ ሚካኤልም መንበራቸው ጎሬ ነበር። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው፤ እንደ ማንኛውም ጳጳስም መነኩሴ ነበሩ። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች ጎሬ ሲገቡ ያዟቸው፤ በጥይትም ገደሏቸው። አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ ከተገደሉ ጥቂት ወራት በኋላ ነው ይህ የሆነው። የአዲስ አበባው ሐውልት ስላለው፣ ቴአትርም ስለተጻፈለት፣ ሁሉም ያውቀዋል። የጎሬውን የኢሉባቦር ልጅ ሳይቀር ሲጠየቅ የሚያመነታበት ጊዜ አለ።

አንድ ጦር አውሮፕላንና መትረየስ ይዞ ገብቶ፣ ምንም ያልያዘ ሽማግሌን ተኩሶ መግደል ያስፈለገው ለምንድን ነው? ስለሚፈራው ነው። ሕዝቡ የሚሰማው እሳቸውን ስለነበር ነው። ባዶው እጅ ዋጋ ነበረው፤ ዋጋው ግን ገዳዩን አላቆመውም። እዚህ ላይ ራስን ማታለል አያስፈልግም። ባዶ እጅ ሰውን የሚጠብቀው፣ ማዶ ያለው ወገን ሕጉን ከተቀበለ ብቻ ነው።

ሕጉን የተቀበለ ወገን ሲኖር ምን እንደሚመስል ለማየት ሲንቄን ማየት ይበቃል። በኦሮሞ ባህል ሲንቄ ሴት ስታገባ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። በጉዳት ቢለካ ምንም ነው። ነገር ግን ሁለት ወገን ሊፋጅ ሲል ሲንቄ የያዙ ሴቶች እልል እያሉ መሀል ከገቡ፣ ወንዱ ጦሩን ይመልሳል፤ ሲንቄ የያዘችን ሴት አልፎ መምታት በሕግ ነውር ነውና። የበትሩ ኃይል እንጨቱ ውስጥ የለም፤ በገዳ ሥርዓት ሁሉም በተስማማበት ቃል ውስጥ ነው ያለው። ከሁለት መሣሪያ ሕግ ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ ጠብን ያሸንፋል ሳይሆን ያስቆማል።

የሚገርመው የአሜሪካኑ ጨዋታም ይህን የሚመስል ሕግ አለው። የተጠበቀውን ሰው ለመምታት የተነሣ ባላጋራ መጀመሪያ ዳይስ ወርውሮ ልቡን መፈተን አለበት። ከወደቀ ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ አለዚያ ምቱ ይቀራል። የተጠበቀው ሰው ራሱ እጁን ካነሣ ግን ጥበቃው ወዲያው ይፈርሳል። ለመነኩሴ የተጻፈ የሚመስለው ይህ ሕግ መጽሐፉ ውስጥ የሚገኘው ግን በዋናነት የቄሱ ጸሎት ሆኖ ነው። መነኩሴው መጀመሪያ የሚማረው ቡጢ ነው፤ ጸሎቱ በቅድሚያ የተሰጠው ለሌላ ሰው ነው።

ይህ ነገር ከጨዋታ ውጭ የት እንደሚነካ ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም። ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን በ2015 ዓ.ም. ተቋቁሞ በመላ አገሪቱ ከ370 ሺህ የሚበልጡ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዷል። በትግራይ ሥራው በኅዳር 2017 ተጀምሯል፤ በዚያው ወር የኦሮሚያ ክልል መንግሥት ከኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት አንድ ክንፍ ጋር የሰላም ስምምነት ፈርሟል። ዜናው ሁልጊዜ የሚያሳየው የተረከበ ጠመንጃ ሲደረደር ነው። ያስረከበው ሰው ከዚያ በኋላ በጉርብትናው በምን ይጠበቃል፣ በምን ይተዳደራል፣ ጠመንጃውን ካልሰጠው ጎረቤቱ ይልቅ በምን ይሻላል? ስለዚህ የሚሠራ ዜና ጥቂት ነው። የ2024ቱ መጽሐፍ የሠራው ስህተት እዚህ ቢደገም ቀልድ አይሆንም። ጠመንጃ ያስቀመጠው የሚያገኘውን ያላስቀመጠውም የሚያገኝ ከሆነ፣ ቀጣዩ ሰው ስሌቱን ለመሥራት የ8ኛ ክፍል ሒሳብ እንኳ አያስፈልገውም።

አሁን ደግሞ ስለ ትርጉም። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የጨዋታው ባለቤት የሆነው ኩባንያ ፈቃዱን ሊያጠብቅ ሞክሮ ተጫዋቾች ስለተነሡበት፣ የአምስተኛውን እትም መሠረታዊ ሕግ ማንም ሰው ምንጩን ጠቅሶ እንዲተረጉመው፣ እንዲለውጠው፣ እንዲሸጠውም ሳይቀር ክፍት አድርጎ ለቆታል። መነኩሴውም በውስጡ አለ። ይህ ማለት መቱ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ያሉ አራት ተማሪዎች ስልክ፣ ወረቀትና እርሳስ ካላቸው፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ሊያወጡት ይችላሉ ማለት ነው። ዳይሱም በስልክ መተግበሪያ ይገኛል። የሚያስፈልገው ቋንቋ ነው፤ ቋንቋው ደግሞ አላቸው።

ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚገጥማቸው ይህ ቃል ነው። ቀጥታ «መነኩሴ» ብሎ መተርጎም ቀላል ነው፤ ግን ስህተት ነው። ቃሉ እዚህ አገር ባለቤት አለው። የሚማታውን ሰውዬ የቪዲዮ ቤት ልጆች ከ20 ዓመት በፊት በትክክል ሰይመውታል፤ «ማስተር» ይባል፣ ወይም «ባዶ እጅ» ይባል፣ ዱላውን የወደደ «ባለ በትር» ይበለው። ለእሱ የ2014ቱ ሕግ ይበቃዋል። አንድ ኪስ፣ አንድ ምርጫ። ሁለት መሣሪያ የያዘ ቀን ቡጢው አይቆጠርለት።

መነኩሴ ደግሞ ለብቻው ይጻፍ። ጉዳት የማያደርስ፣ መቋሚያ የያዘ፣ መሀል ሲገባ ባላጋራ ሁሉ ዳይስ ወርውሮ ልቡን እንዲፈትን የሚያስገድድ፣ አንድ ጊዜ እጁን ካነሣ ግን ሁሉን የሚያጣ። ሲንቄ የያዘችው ሴትም ከጎኑ በራሷ ገጽ ትግባ፤ እሷ ከሱ የምትለየው ጥበቃው ለራሷ ብቻ ሳይሆን መሀላቸው ለቆመችባቸው ለሁለቱም ወገን በመሆኑ ነው። «ማን ይጫወተዋል?» የሚል ይኖራል። ድራጎን መግደል የሰለቸው ብዙ ነው፤ ሁለት ሰፈር ሳይተላለቅ ማሳደር ከድራጎን መግደል ይከብዳል፤ ጨዋታ ደግሞ ከባዱን ይወዳል።

አንድ ነገር ግን አጫዋቹ ከመጀመሪያው መወሰን አለበት። ታሪኩ 1929 ዓ.ም. ቢሆን፣ ቦታው ጎሬ ቢሆን፣ ጳጳሱ ባዶ እጃቸውን ቆመው የጣሊያን ወታደሮች ጠመንጃ ቢያነሡ፣ ወታደሮቹ ልባቸውን ለመፈተን ዳይስ ይወርውሩ ወይስ ሕጉን ስላልተቀበሉ ዝም ብለው ይተኩሱ? «ይተኩሱ» ያለ አጫዋች ታሪኩን አክብሯል። «ይወርውሩ» ያለው ደግሞ ከመካከላቸው አንዱ 1 ቢመጣበትና ጠመንጃውን ቢያወርድ፣ ከዚያ በኋላ ጎሬ ላይ ምን እንደሚሆን የመናገር ዕዳ አለበት።